አሮጌ ኮምፒውተር ለናፈቃቸው የሚሰጥ ምክር

ፈረንጅ ዕድሜው ገፋ ብሎ ገንዘብ ሲተርፈው በልጅነቱ የነካካውን ኮምፒውተር ፍለጋ ይወጣል። በእነሱ አቆጣጠር በ1982 ገበያ ላይ የዋለውን ኮሞዶር 64 ገዝቶ፣ አቧራውን በቀጭን ብሩሽ ጠርጎ ሳሎኑ ውስጥ ያኖረዋል፤ እንግዳ ሲመጣ አብርቶ ያሳያል። ውድ አንባቢ፣ እርስዎንም ይህ ናፍቆት ከያዘዎት ገንዘብዎን አያባክኑ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር የሚጫን ታክሲ ይያዙ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አጥር ሲያዩ «ወራጅ አለ» ይበሉ፣ ከአጥሩ ማዶ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ ወዳለበት ጠባብ ክፍል ገብተው ወረፋ ይጠብቁ። የናፈቁት ሁሉ እዚያ ሥራ ላይ ነው። ጡረታ ቀርቶ የዓመት ፈቃድ እንኳ ወጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ አክብሮት። ማሽኑን ሲያዩ እንዳይስቁ። ሆዱ የወጣ ሞኒተር ከሆነ አናቱ ላይ ዳንቴል ይኖራል፤ ዳንቴሉን አያንሱ፣ ሙቀት እንዲወጣ የተተወውን ቀዳዳ ሸፍኗል ብለውም አያስተምሩ። ሲስተም ዩኒቱ የጎን ክዳኑን ካጣ ቆይቷል፤ ምክንያቱም ክዳን ያለው ኮምፒውተር በየጠዋቱ መፍታት አድካሚ ነው። ሲበራ ጮሆ እምቢ ካለ የሱቁ ባለቤት ራሙን ነቅላ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጋ፣ ፍርፋሪውን እፍ ብላ ትመልሰዋለች። ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ከፈለጉ፦ በጊዜ ብዛት የመገናኛው ብረት ይቆሽሻል፣ ላጲሱ ያንን ይልጠዋል። መሐንዲስ የሚባሉ ሰዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ነገር ግን እነሱም ቤታቸው ላጲስ አላቸው።

ስለ ሰዓቱ አይጨነቁ። በውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ስትሞት ማሽኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ረስቶ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። በሌላው ዓለም ይህ ብልሽት ነው። እኛ ግን ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለምንቆጥር፣ ዕድሜው ተለክቶ የተመጠነ ማሽን ካገኙ ዓመተ ምሕረቱን በትክክል የሚነግርዎት እሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አያሳድሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ፓወር ግዕዝ ወደሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም። የእኛ ሰው ከአሮጌ ኮምፒውተሩ ጋር የኖረው በመልኩ ተማርኮ አይደለም፤ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ ታስሮበት ነው። የድሮው አሠራር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው 256 መቀመጫ ነበር፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው አስቀድሞ ተይዟል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻውን 231 ነው፤ እነ ቋ፣ እነ ሟ፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲታከሉበት መቀመጫ አይበቃም። ስለዚህ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ብልሃት ፈጠሩ፦ የላቲኑን ፊደልና ምልክት አስነስተው በቦታው የእኛን አስቀመጡ፣ ያልበቃቸውን ደግሞ እግሩንና ቀለበቱን ለየብቻ ሠርተው እንዲገጣጠም አደረጉ። ኢንጂነር አያና ብሩም የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የገጠማቸው ይኸው ነበር፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት።

ብልሃቱ ሠራ። መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሰበካ ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ፣ እድሩ ደንቡን ጻፈበት። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ አማርኛ መጻፉን አያውቅም። እሱ የሚያስቀምጠው ላቲን ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ እስካለ ድረስ ነው። ያንኑ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፍቱት «የእድሩ አባላት ግዴታ» የነበረው ባርኔጣ ያጠለቀ ኤ፣ ሁለት ነጥብ የተሸከመ ኦ፣ መሐሉ ላይ የፓውንድ ምልክት ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ዩኒኮድ በፈረንጆቹ 1999 በሦስተኛ እትሙ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። በዚያው አቆጣጠር በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል ፎንት አብሮት ይዞ መጣ፤ ዛሬ ስልኩ ሁሉ አማርኛ ይጽፋል። ችግሩ ተፈትቷል ማለት ነው። የተፈታው ግን ለሚጻፈው ነው፤ ለተጻፈው አይደለም። የእድርዎ መተዳደሪያ ደንብ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ተጽፎ አልቋል።

«የሚቀይር ፕሮግራም እኮ አለ» የሚል ወጣት ይመጣል። እውነቱን ነው፣ አለ። አይስሙት። ደንቡ ወደ ዩኒኮድ ከተቀየረ በየአባሉ ስልክ በቴሌግራም ይደርሳል፣ ከደረሰ ይነበባል፣ ከተነበበ ስለ ድንኳኑና ስለ ወንበሩ ኪራይ ጥያቄ ይነሳል። በፓወር ግዕዝ እስካለ ድረስ ግን የሚከፍተው የጸሐፊው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ስንት ጸሐፊ በምርጫ ሳይሆን በፎንት ወንበሩ ላይ እንደቆየ ቤቱ ይቁጠረው።

ከሱቁ ወጥተው ቀና ብለው ወደ እንጦጦ ካዩ እንዳይደናገሩ። እዚያ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከሰማይ ትልከው የነበረውን ምስል የተቀበለው ጣቢያም የተተከለው እዚያው ነው። ሳተላይቷ በወጣች በ25ኛው ቀን፣ ጥር 5፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን ከእንግዲህ አላክምም አለ። ኤክስፒን የተሰናበተው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ መጋቢት 30 ቀን 2006 ነበር። ዜናው ከተራራው በታች ገና አልተሰማም። ከ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ የተነሣ ፎቶ እንጦጦ ላይ ይከፈታል፤ ከወረዳው በፍላሽ የመጣ ደብዳቤ ግን ፈረንሳይ ላይ አልከፈት ይላል። ይህን እንደ ነቀፋ አይውሰዱብኝ። ሁለቱን ለማየት በእግር የሚሄዱት ያቺን የባሕር ዛፍ ዳገት ብቻ መሆኑ ለጎብኚ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ፍላሽ ካነሳን አይቀር፣ ለሰው አያውሱ። ካዋሱም ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቢያገኟቸው አይደንግጡ፤ ፋይሉ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሱቁ ውስጥ አንድ ልጅ አይጠፋም። ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ «አትሪብ» ብሎ ይጀምርና ደብተራ አስማት እንደሚደግም አንዲት መስመር ሳያቋርጥ ይጽፋል፤ ኢንተር ሲል የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። መስመሯን እንዲያስተምርዎት አይጠይቁት። እንጀራው ናት።

ይልቅ የሱቁ ባለቤት «ጋሼ፣ በቴሌግራም ይላኩልኝ» ካለችዎት ይላኩ፣ ከዚያ ግን ስክሪኗን ትንሽ ይመልከቱ። ከእርስዎ ፋይል በላይ የማያውቁት ሰው መታወቂያ፣ የአንዷ የሥራ ማመልከቻ፣ የሌላው የቤት ካርታ ተደርድሯል፤ የእርስዎም ነገ ለሚመጣው እንዲሁ ተደርድሮ ይጠብቃል። አዲሱ ቴክኖሎጂ ይህን አመጣ። ፍላሹ ቢያንስ የሚያመጣው ቫይረስ ብቻ ነበር።

ስለ ቁልፍ ስልክ፣ ስለ ካሴትና ስለ ፋክስ ብዙ አልልም። ባትሪ ያላት ኖኪያ መብራት ሲጠፋ ከማንኛውም ስማርት ስልክ ትበልጣለች፤ ይህን ለየካ ነዋሪ ሊያስረዱ ቢነሱ ይስቅብዎታል። በመርፌ እየወጋ የሚጽፈውን ፕሪንተርም እንደ ቅርስ አይዩት፤ በካርቦን ሦስት ቅጂ ባንዴ የሚያወጣ ሌዘር እስካሁን አልተሠራም።

በመጨረሻ ልጆችዎ ያን ማሽን ለቆራሌው ሊሰጡት መነሣታቸው አይቀርም። እንግዲህ ይሁን። በዋጋው አይከራከሩ፣ ሞኒተሩን ከነዳንቴሉ ይስጡ፣ ሃርድ ዲስኩን ግን ፈትተው ያስቀሩ፤ የ1995ቱ ደንብ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኝተው ይክፈቱት። ባለ ባርኔጣው ኤ ከነወገኖቹ ሲቀበልዎት ጫማ አይቀይሩ፣ በነጠላ ጫማዎ ሮጠው ይውጡ፤ ቆራሌው ከነጋሪው ገና ከሾላ አላለፈም።