የሽማግሌውን ምላስ መልሱ!

ሰው ሲያረጅ ጥርሱ ይረግፋል፤ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ አላማርርም። ሰው ሲሞት ምላሱን የሚነቅሉበት ግን ምን ቤት ናቸው? በሕይወት ሳለ ሰፈሩ ሁሉ በነገረኝነቱ የሸሸውን ሽማግሌ፣ አፈር በለበሰ ማግስት «ወይኔ፣ እንዴት ያለ ገር ሰው ነበር!» ይሉታል። እኔ ለራሴ ቀብር ከወዲሁ ለቤተሰቡ ተናግሬያለሁ፦ ገር ነበር የሚለኝ ካለ ከሳጥኑ ብድግ ብዬ መልሱን እሰጠዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያናገረኝ ስለ ደራሲው ማርክ ትዌይን የተሠራ አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ነው። «የማርክ ትዌይን ጀብዱዎች» ይባላል፤ ዋርነር ብራዘርስ በ1942 ቀርጾ በ1944 ያወጣው፣ ኤርቪንግ ራፐር ያዘጋጀው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ሰውየውም ፊልሙም የእነሱ ናቸው።) የልጅ ልጄ ነው ያመጣልኝ፤ «አባባ፣ እንደ እርስዎ የሚነጫነጭ ሽማግሌ አግኝቼልዎታለሁ» ብሎ። ደስ አለኝ። በዚህ ቤት ብቻዬን ሳጉረመርም ለኖርኩ ሰው ጓደኛ ሲመጣለት ቀላል ነገር አይደለም። ታናሽ እኅቱ ጥቁርና ነጩን አይታ «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ እንዴ?» ያለችውንም በዚያው ደስታ ይቅር አልኳት።

ተቀመጥኩ። ፊልሙ 130 ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ወገብ ደግሞ 130 ደቂቃ ማለት ራሱን የቻለ ጀብዱ ነው። ነጭናጫው ግን አልመጣም። የመጣው ታማኝ ባል፣ ሩኅሩኅ አባት፣ ዕዳውን ከፋይ፣ የወዳጅ ደራሽ፣ ሲጋራውን እንኳ በትሕትና የሚያጨስ ሰው ነው። ይሄ የሕይወት ታሪክ አይደለም፣ ገድል ነው! ክንፍ ብቻ ነው የቀረለት።

የሚመሰገነውን ግን አልነፍግም። መጀመሪያው ግሩም ነው። ሚሲሲፒ ወንዝ፣ የሀኒባል ከተማ ልጆች፣ በጭጋግ ውስጥ በእንፋሎት ጀልባ ላይ የሚደረገው ጭንቅ፣ ሁሉም ያምራል። ሰውየው በእርግጥም በ1859 የወንዝ ጀልባ ነጂነት ፈቃድ ያወጣ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መጥቶ ወንዙን ባይዘጋበት ኖሮ ምናልባት ብዕር ሳይጨብጥ በመሪው ላይ የሚያረጅ ሰው ነበር። ተዋናዩ ፍሬድሪክ ማርች ሰውየውን ከወጣትነት እስከ ሽምግልና ሲጫወት ጠጉሩ ብቻ አይደለም የሚሸብተው፣ አረማመዱም አብሮ ያረጃል። የማክስ ስታይነር ሙዚቃም ቢሆን እንደ ዛሬዎቹ ጆሮ አይበጥስም። ፊልሙ ለሦስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ የሽማግሌ ዕድል እንዲህ ነው።

የእንቁራሪቷም ጉዳይ ያስቃል። በ1865 ስሙን ያስጠራው አጭር ታሪክ ሆዷን ጥይት ተሞልታ መዝለል ስላቃታት የውርርድ እንቁራሪት ነው። ፊልሙ ደራሲውን ራሱን አስገብቶ ሲያወራርደው እኔም ስቄያለሁ፤ መካድ አልችልም። ሚስቱን በፎቶዋ ማፍቀሩንም ከወንዙ ጀልባ ላይ ጀምረውታል። በእውነቱ ግን የኦሊቪያ ላንግደንን ምስል ያየው በ1867 ወደ ሜዲትራኒያንና ወደ ቅድስት አገር በሄደችው መርከብ ላይ ከወንድሟ ጋር ተሳፍሮ ሳለ ነው። ይሁን። ፍቅርን ዐሥር ዓመት ገደማ አስቀድሞ ያስጀመረ ሰው አይከሰስም።

አንጀቴን የበላኝ የቦስተኑ ግብዣ ነው። በታኅሣሥ 1877 ለገጣሚው ዊቲየር 70ኛ ዓመት ልደት የአገሩ ታላላቅ ደራሲዎች ተሰበሰቡ። ኤመርሰን፣ ሎንግፌሎውና ሆልምስ ከፊት ተቀምጠዋል። የእኛ ሰው ተነሥቶ፣ ሦስት ሰካራም ወሮበሎች በእነዚሁ በሦስቱ ስም ራሳቸውን እየጠሩ የአንድን ምስኪን ማዕድን ቆፋሪ ጎጆ ሲወሩ የሚያሳይ ቀልድ አወረደላቸው። አዳራሹ ድርቅ አለ። ቀልድ ያውም በትልቅ ሰው ፊት ሲከሽፍ ያለውን ላብ የሚያውቅ ያውቀዋል! ፊልሙ ይህን ትዕይንት አሳምሮ ይዞታል፤ ፊቱ ላይ የሚወርደውን ድንጋጤ ለማየት ብቻ ያን ሁሉ ደቂቃ መቀመጥ ያዋጣል። ያልነገሩን ግን በጣም የሚጥመውን ነው። ሦስቱንም በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ንግግሩን አውጥቶ አነበበና ምንም እንከን አይወጣለትም፣ ግሩም ነበር አለ! ይቺን ቢጨምሩልን ምን ነበረበት? ሽማግሌ ማለት እኮ ይሄ ነው።

ኪሳራው ላይ ደግሞ ጭራሽ ደሜን አፈሉት። ፊልሙ ክብደቱን ለጄኔራል ግራንት ባደረገው ቸርነት ላይ ይጥለዋል፤ በጉሮሮ ካንሰር ለሚሞተው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ማስታወሻውን በለጋስ ውል አሳተመለትና እሱ ደኸየ ዓይነት ነገር። ቸርነቱ እውነት ነው። የደኸየው ግን በዚያ አይደለም። የግራንት መጽሐፍ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጦ ለመበለቲቱ የ200 ሺህ ዶላር ቼክ በአንድ ጊዜ የተቆረጠበት ነው። ሰውየውን የበላው የፔጅ ፊደል መልቀሚያ ማሽን ነው። 18 ሺህ ያህል ክፍል ያለው፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ የሚሰበር፣ 300 ሺህ ዶላር ገደማ የዋጠ ጉድ! ሊኖታይፕ የሚባለው መጥቶ ቀደመው፣ የራሱ አሳታሚ ድርጅትም ተንኮታኮተ፣ በ1894 ከሰረ። ሽማግሌ በአንድ ማሽን ተሸውዶ ሀብቱን ሲያጣ ከማሳየት፣ በደግነቱ ሲደኸይ ማሳየት ለሰማይ ቤት መዝገብ ይመቻል። ለእኛ ግን ማሽኑ ይሻለን ነበር። እኔም ቤት ውስጥ አትክልት ይከትፋል ተብሎ የተገዛ፣ እስከ ዛሬ አንዲት ቀይ ሽንኩርት ያልከተፈ ዕቃ አለ።

ዕዳውን ግን ከፈለ፤ እዚህ ላይ ፊልሙ አልዋሸም። ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ሲል በ1895 ተነሥቶ አውስትራሊያን፣ ኒውዚላንድን፣ ህንድንና ደቡብ አፍሪካን ሰው እያሳቀ ዞረ፤ በ1898 የማንም ሳንቲም አልቀረበትም። እሰየው!

አሁን ወደ ምላሱ ልምጣ። ይህ ሰው ተሳዳቢ ነበር። ሸሚዙ ቁልፍ ሲጎድለው በመስኮት እየወረወረ ይራገም እንደነበር ራሱ ጽፏል። ሚስቱ ልታሳፍረው አንድ ቀን የስድቡን ቃል አንድ በአንድ ደገመችለት፤ እሱ ግን ቃሉን ይዘሽዋል፣ ዜማው ግን አልገባሽም ዓይነት ነገር ብሎ መለሰላት። ያኔ ሆሊውድ በሚተዳደርበት ደንብ ስድብ ከስክሪን የታገደ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ሸሚዝ በመስኮት አይወረወርም? ስልክንም ይጠላ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና! በ1890 በገና በዓል ለሰው ልጅ ሁሉ መልካም ምኞቱን ሲልክ የስልክን ፈልሳፊ ብቻ ለይቶ አስቀረው። ይህን ሳነብ ዘመድ አገኘሁ ብዬ አለቀስኩ። በማዕድ ላይ ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ለሚውሉት ለእኔዎቹ ብነግራቸው ማን ሰምቶኝ!

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የመጨረሻው ዘመን ነው። ፊልሙ የሚያሳየን በ1907 ኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት ሲደርብለት ነው፤ ቀይ ካባ፣ ጭብጨባ፣ እንባ። ካባውን ያልለበሰበት ቀን ምን ይሠራ እንደነበር የለም። ከ1901 ጀምሮ እስኪሞት የፀረ ኢምፔሪያሊስት ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ አገሩ ፊሊፒንስን መያዟን በአደባባይ የዘለፈ። በ1905 የቤልጂጉን ንጉሥ ሊዮፖልድን በኮንጎ ስለፈሰሰው ደም በስላቅ የገረፈበትን በራሪ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት «የጦርነት ጸሎት» ብሎ የጻፈውን መጽሔት አልቀበልም አለው፤ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1923 ነው። በ1942 ልጆቹን ወደ ጦር ሜዳ የሚልክ አገር ይህን ቢያሳይ ይከብደው ነበር፣ ይገባኛል። ግን እኮ ይህን ካስቀሩ በኋላ የቀረው ነጭ ፀጉርና ነጭ ልብስ ነው! አለቃ ገብረ ሃናን ከነገራቸው ለይታችሁ ስለ ተክሌ አቋቋም ብቻ ብታወሩልን፣ ክብሩ ሙሉ ይሆናል፣ ሰውየው ግን የሉም።

አሟሟቱንም እንይ። በሃሌይ ኮሜት ዓመት በ1835 ተወለደ፣ ኮሜቷ ስትመለስ በ1910 አረፈ፤ ራሱም አስቀድሞ አብሬያት እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ይህ ለሲኒማ የተሠራ እውነት ነው፣ አምሮበታልም። ከዚያ ግን ነፍሱን ራሱ በመጽሐፍ የፈጠራቸው ቶም ሶየርና ሃክለበሪ ፊን ጠርተው ይዘውት ይሄዳሉ። ሰባ አራት ዓመት የደከመ ሽማግሌ ሞቶ እንኳ ከሁለት ወመኔ ልጆች ጋር ዳገት ይውጣ? ዕረፍት የሚባል ነገር የለም እንዴ?

ሰውየው ግን የሚመጣበትን ያወቀ ይመስላል። የራሱን ታሪክ በቃል እያስጻፈ፣ ከሞትኩ 100 ዓመት እስኪሞላ ሙሉውን እንዳታወጡ ብሎ አስቆለፈው፤ ከመቃብር ሆኖ ማንንም ሳይፈራ ሊናገር። የመጀመሪያው ጥራዝ በ2010 ወጣ፣ ሦስተኛው በ2015። ስለዚህ ልጆቼ፣ እንግሊዝኛ የምታነቡ ከጥራዞቹ ጀምሩ። ፊልሙን ደግሞ እስከ ቦስተኑ ግብዣ ድረስ እዩትና አጥፉት።