የኮተቤው ዓሣ አጥማጅ

ሐኪሙ «ሐሳብ አታብዛ፤ የሚያዝናናህ ነገር ፈልግ» ብሎ አሰናበተኝ። ኳስ እንዳላይ፣ የምደግፈው ቡድን ደም ግፊቴን ከጨው በላይ ነው የሚያንረው። ቢራውን ያው ሐኪም ከልክሎኛል። ዳማ ልጫወት ብል ደግሞ የሰፈራችን ዳማ ያለ ስድብ አይሞቅም። በዚህ መሀል ነው ሚኒሶታ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ለምን ዓሣ አታጠምድም?» ያለኝ።

ለሱ ቀላል ነው። ያለበት ግዛት በመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር «የ10 ሺህ ሐይቆች ምድር» እያለ የሚፎክር ነው። ብርዱ ሲገባ ሐይቁ ይረጋል፤ ሰዎቹ በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሱና ቀዳዳው አጠገብ ወንበር ዘርግተው ይውላሉ። ይሄን መዝናናት ይሉታል። የማጥመጃ ፈቃዱን ስልኩ ላይ ከፍሎ ወዲያው ያወጣል፤ የትኛው ዓሣ ስንት ኢንች ሲሞላ እንደሚያዝ፣ በቀን ስንት እንደሚፈቀድ ተዘርዝሮለታል። «እናንተ ጋ ግን ሕግ አለ?» ሲለኝ ነደደኝና ፈልጌ አገኘሁለት፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። ሕግስ አለን። የጎደለው ሐይቅ ነው። እኔ የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ ነው።

ዘንጉን ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። እንደ ድሮ ራዲዮ አንቴና እየተሳበ የሚረዝም፣ ሲታጠፍ ብብት ሥር የሚገባ ጉድ ነው። ክር የሚጠቀለልበት ማሽንና ከጎማ የተሠራ አረንጓዴ እንሽላሊትም አብሮ መጥቷል። መንጠቆውን ግን ረስቶታል። ሾላ ገበያ ወርጄ አንዱን ባለ ሱቅ ጠየቅኩት።

«መንጠቆ አለህ?»

«የመጋረጃ ነው የሥጋ?»

«የዓሣ።»

«ዓሣም ተሰቅሎ መሸጥ ጀመረ?»

መርካቶ ድረስ አስኬደኝ። ትርፍ ክር ግን ለማግኘት አልቸገረኝም፤ ዶቃ ሰኪዎች የሚገዙት ናይለን ለዚህም ይሆናል።

ቀጥሎ ትምህርቱ። ዩቲዩብ ላይ «ዓሣ ማጥመድ ለጀማሪ» ብዬ ብጽፍ ጢማቸውን ያሳደጉ አሜሪካኖች መጡልኝ። ባስ ስለሚባል የአገራቸው ዓሣ ይተነትናሉ፣ ዋጋው ከኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ የሚበልጥ ጀልባ ላይ ቆመው «ለጀማሪ ይሄ ይበቃል» ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ለእኔ የተረፈኝ አንድ ቋጠሮ ነው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ታሳልፈዋለህ፣ ጫፉን በራሱ ክር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ታዞረዋለህ፣ መልሰህ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ቀለበት ታስገባዋለህ፤ ከመሳብህ በፊት በምራቅህ ታርሰዋለህ። ምራቁ ቀልድ አይደለም፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃው ይግልና ይዳከማል። ይሄን ቋጠሮ ሌሊት ሌሊት እየቋጠርኩ ባለቤቴ ጥልፍ የጀመርኩ መስሏት ነበር።

በሁለተኛው ዙር ፍለጋዬ ብልህ ሆንኩ። ፊሽቤዝ የሚባል የዓለምን ዓሣ ሁሉ የመዘገበ ቋት አለ፤ አገር ምረጥ ሲል ኢትዮጵያን ትመርጣለህ፣ በየወንዙና በየሐይቁ ያለውን ይደረድርልሃል። ከዚያ ነው ወደ መጻሕፍቱ የተሻገርኩት። ሽብሩ ተድላ በፈረንጆቹ 1973 የኢትዮጵያን የጨው አልባ ውኃ ዓሦች የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ አሳትመው ነበር፤ ረድኤት ሀብተ ሥላሴ ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ2012 በሥዕል የተደገፈ ዝርዝር አውጥተዋል። ጀማሪ ሰው ከየትኛውም ቪዲዮ በፊት እነዚህን ማየት አለበት ባይ ነኝ፤ ምን እንደሚኖር ሳያውቅ መንጠቆ የሚጥል ሰው ሎተሪ ቆራጭ ነው። ቆሮሶ ካደገ በኋላ ባብዛኛው የሚኖረው ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፤ የጎማ እንሽላሊት ብትጥልለት ዞሮ አያይህም። አምባዛ ግን ያገኘውን ይውጣል። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ እነ ዳንካና ወይብ ወንዝ ውስጥ የተለቀቀው ትራውት ደግሞ የብርድ ውኃ ዓሣ ነው። ለእንጦጦ ብርድ የሚስማማው እሱ ነበር፤ ማንም አላመጣልንም።

ትሉን ለመቆፈር ብዙ አልደከምኩም። ጥቅምት ስለነበር የጓሯችን አፈር ገና እርጥብ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ግን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ቆርቆሮ ውስጥ ትል ስለቅም አዩኝ።

«ምነው ልጄ? ለመድኃኒት ነው?»

«ለዓሣ ነው፣ እትዬ።»

«ዓሣ አርብተህ ነው?»

«ኧረ ልይዝበት ነው።»

ዝም ብለው አዩኝና ወደ ቤታቸው ገቡ። ማምሻውን ለባለቤቴ «አንድ ጊዜ ጸበል ብትወስጂው ምን ይመስልሻል?» ብለዋታል።

ጸበሉ ባይሆንም እንጦጦን ወጣሁ። ቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚስማሙበት ምክር ነበርና፤ ውኃ ከመሄድህ በፊት በመንጠቆው ፋንታ እርሳስ አስረህ ሜዳ ላይ መወርወር ተለማመድ ይላሉ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ያለበት፣ አዳዲስ ቤቶች ተራራውን መንጠላጠል የጀመሩበት ቦታ መረጥኩ። ዘንጉን ሳብኩ፣ እርሳሱን ወረወርኩ፣ ክሩ ተንዥርግጎ ከሜዳው ማዶ ወደቀ። ጠቅልዬ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ደግሜ ወረወርኩ።

ጋቢ የለበሱ አዛውንት መጡ። «እንደምን ዋልክ። ከመሬት ነህ?»

«አይደለሁም አባባ።»

«ታዲያ የምትለካው ለማነው?»

እኔ መልስ ሳዘጋጅ ሌሎች ደረሱ። ነጠላዋን አሸርጣ ከጓዳዋ የወጣች ሴት በፕላስቲክ የተጠቀለለ የቤት ካርታዋን ይዛ መጣች፤ ከነማኅተሙ ገልብጣ አሳየችኝ። አንዱ ጎረምሳ እርሳሱ የወደቀበት ቦታ ላይ ሄዶ ቆመና «ወንበሩ እዚህ ጋ ነው የሚመታው» አለ፤ ወንበር ማለቱ የድንበር ድንጋዩን ነው። ሌላው በጆሮዬ፣ የጎረቤቱ አጥር ከትናንት ወዲያ አንድ ክንድ መግፋቱን ነገረኝና ክሬን ወደዚያ ጠጋ አድርጌ ብወረውር ደስ እንደሚለው ጠቆመኝ። «ዓሣ ለማጥመድ እየተለማመድኩ ነው» አልኩ። ሳቁ። «ዓሣ ይላል! ተነግሮት ነው፤ አይፈረድበትም።» ወንበር ወጣልኝ። ቡና ተፈላ። ምንም ነገር ለማይለካ ሰው እስከ ሦስተኛው ስኒ የሚያስቀምጥ መስተንግዶ ተደረገልኝ፤ እኔም ጨዋ ልጅ ነኝና ሦስቱንም ጠጣሁ።

ያመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር። ዘንጉን አገላብጦ አየና «ይሄ መቀየሻ አይደለም፣ ሞኞች ናችሁ» አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ወንድሜ፣ ከዚህ የሚወርደው ውኃ ዓሣ የሚሆነው ቆቃ ሲደርስ ነው። እሱን ተከተል» አለኝ።

ነገሩን ቤት ገብቼ በካርታ ሳየው እውነቱን ነው። እንጦጦ ጣራ ነው። በሰሜን ገጹ የዘነበው በሱሉልታ በኩል ሙገር ገብቶ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ሜዲትራኒያን ነው መጨረሻው። በእኛ በኩል የዘነበው ቀበናን ይዞ ከተማውን ያቋርጣል፣ አቃቂ ይገባል፣ አባ ሳሙኤል ላይ ጥቂት ያርፋል፣ ከዚያ አዋሽ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በአዋሽ መንገድ ላይ ግድብ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ ነው። ቀበና በከተማው መሀል ሲያልፍ የሚጨመርበትን ሁሉ ለሚያውቅ ሰው፣ ይሄ የዓሣ ምግብ ፍላጎትን የሚከፍት ጂኦግራፊ አይደለም። ግን መዝናኛ እንጂ ምሳ አልታዘዘልኝም።

በመሀል ለገዳዲን ሞክሬያለሁ፤ ከኮተቤ ቅርብ ነዋ። ጥበቃው ዘንጌንም እኔንም ከላይ እስከ ታች አየና «ጋሼ፣ ይሄኮ የሚጠጣ ነው» አለኝ። ምን ይባላል? የምጠጣው እኔው ነኝ። አመስግኜ ተመለስኩ።

ቆቃ የደረስኩት በሞጆ በኩል ነው። ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጡ ልጆች፣ ታንኳ ላይ መረብ የሚፈቱ አስጋሪዎች፣ ወዲያ ራቅ ብሎ ደግሞ ጆሮ ብቻ ሆነው የሚታዩ ጉማሬዎች። አስጋሪዎቹ ዘንጌን አይተው በትሕትና ሳቁ፤ ለነሱ ዓሣ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ ተቀምጦ አንድ በአንድ መልቀም ምን ይሉታል? አንዱ ወጣት ግን ቆርቆሮዬን አጎንብሶ ካየ በኋላ «ፋዘር፣ በዚህ ትል ቆሮሶ አትጠብቅ። መንጠቆውን ታች አሳርፈውና ተወው፤ ጸሐይዋ ስታዘነብል አምባዛ ይመጣልሃል» አለኝ። መንሳፈፊያውን ፈትቶ እርሳሱን ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ አሰረልኝ፤ ትሉንም ጫፉ ነጻ ሆኖ እንዲወራጭ በግማሹ ብቻ ሰካው። ስንት ቪዲዮ ያልነገረኝን ቆሞ ጨረሰው።

ያኔ ነው ሐኪሙ ያለው ነገር የገባኝ። ለሰዓታት ክር ሳይ ምንም አላሰብኩም። ስለ ኪራይ አላሰብኩም፣ ስለ ኳስ አላሰብኩም። ጸሐይዋ አዘነበለች። ዘንጉ ጎንበስ አለ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ወጣቱ እየሮጠ መጥቶ «አታላላው! አታላላው!» ይላል። ያወጣነው ክንድ የሚያህል፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ጭቃ የመሰለ አምባዛ ነው።

መጻሕፍቱ ስለ አምባዛ የሚሉት አንድ ነገር አለ። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶ ለሰዓታት ይኖራል። አንብቤዋለሁ። ወጣቱ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሲሰጠኝም አስታውሼዋለሁ። ግን ዱከም ላይ፣ በጨለመ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጆንያው ከወንበሬ ሥር ራሱ ተነስቶ ወደ ፊት ሲሄድ ይሄን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ እግሯን የነካትን ቀዝቃዛ ነገር ጎንበስ ብላ አየችና «እባብ!» አለች። ሚኒባሱ ቆመ፤ ግማሹ ሰው በበር፣ አንድ ቀጭን ልጅ በመስኮት ወጣ። በስልክ መብራት ፈልገን ከሹፌሩ ወንበር ሥር አገኘነው፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሰዉ ሲረጋጋ ረዳቱ እጁን ዘረጋልኝ።

«ፋዘር፣ ሒሳብ።»

«ከፍያለሁ እኮ።»

«ያንተን ከፍለሃል። እሱ ነፍስ አለው።»

ክርክር አላዋጣኝም፤ ተሳፋሪው በሙሉ ከረዳቱ ጋር ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሳፋ ውኃ ሞላችልኝ፣ አምባዛው ውስጡ ተዘረጋ። ሰፈሩ ተጠራ። እትዬም መጡ፤ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ በጣታቸው ጎኑን ዳሰሱና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ቅርፊት የለውም» አሉ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም። ዘሌዋውያን ነው፤ ምዕራፍ 11። ሂድና አንብበው።»

ከዚያ በኋላ እቤታችን ውስጥ ቢላዋ የሚያነሳ ጠፋ። ባለቤቴ እሷም እንደማትነካው ነገረችኝ፤ ድስቱም እንዳይነካ አስጠነቀቀችኝ። የእህቴን ልጅ በቪዲዮ ደውዬ አሳየሁት። «ዋው ጋሼ! ታዲያ ለምን አልለቀቅከውም? እኛ ፎቶ አንስተን መልሰን ውኃው ውስጥ እንለቀዋለን» አለኝ። መልሶ ለመልቀቅ ቆቃ ድረስ ስንት የትራንስፖርት እንደሚያስወጣ፣ ለዚያውም የሁለት ሰው ሒሳብ እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ።

አምባዛው ጠዋትም ነበር። ባለቤቴ ጀሪካኖቹን በቧንቧው ሥር ደርድራ ጨርሳ ሳፋው በር ላይ ቆማለች።

«ስማ፣ ዛሬ የኛ ፈረቃ ነው፤ ውኃው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ይሄን እንግዳህን የትም ውሰደው፣ ሳፋዬን ልቀቅልኝ።»