የጠፉ መዝገቦችን በጠፉበት ለማጽናት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የወሰን ክርክር ያለብህ፣ ረትተህ ፍርድህ የጠፋብህ፣ ተረትተህ ፍርዱ የጠፋልህ፣ ሁላችሁም ስሙ!

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ተደንግጎ ሳለ የመሬቱ መዝገብ የማን እንደሆነ ሳይነገር በመቅረቱ፤ ባለጉዳዩም «መዝገቤ የት ደረሰ?» እያለ የመዝገብ ቤቱን መስኮት በክርኑ ተደግፎ በማስቸገሩ፤ የጠፋውን መፈለግ ያልጠፋውን ስለሚያተራምስ፤ ፍርድ ቤት ለክረምት እረፍት ከሚዘጋበት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጸና የሚከተለው አዋጅ ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ጠፋ» የሚባል መዝገብ የለም። «በፍለጋ ላይ ነው» ማለት ፈላጊው ስብሰባ ሄዷል ማለት ነው። «ነገ ተመለሺ» ሲባል፣ ነገ የቀን ስም አይደለም።

አንቀጽ 2፤ መዝገቡ ስለሚገኝበት ስፍራ
መሬት በአዋሳኞቹ እንደሚታወቅ ሁሉ ያልተገኘ መዝገብም በአዋሳኞቹ ይታወቃል፦ በምሥራቅ የሚያፈስ ጣራ፣ በምዕራብ የአይጥ ጉድጓድ፣ በሰሜን የሠራተኛው የምሳ ዕቃ፣ በደቡብ ከእሱ የባሰ መዝገብ። ይህን ወሰን ገፍቶ በገባ ባለጉዳይ ላይ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ይመሠረትበታል።

አንቀጽ 3፤ መዝገብን እንደገና ስለማደራጀት
ያልተገኘ መዝገብ ባለጉዳዮች በእጃቸው ካለው ግልባጭ እንደገና ይደራጃል። ረቺዋ ግልባጯን ለአፈጻጸም ስላስገባች እሱም አብሮ የለም። የቀረው ተረቺው ዘንድ ነው፤ የይግባኙ 60 ቀን እንዳያልፍበት ሮጦ ያስገለበጠው እሱ ነውና። ስለዚህ ረቺዋ ፌስታሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተረቺው ደጅ ትሄዳለች። ግማሽ ጥማድ ገፍቶ ባሕር ዛፍ ስለተከለባት መንገዱ ከድሮው አጥሯል።

«እንዴት ዋልክ አያ? የረታሁህን ወረቀት ፈልጌ ነበር።»

«ደህና እታለም። ግቢ፣ ቡና ተፈልቷል። የትኛውን ወረቀት?»

«ያን፣ መሬቱን ልቀቅ የሚለውን።»

«እሱንማ ልጆቹ ደብተር ሸፍነውበት እንዳይሆን። እስቲ ይፈለጋል፤ ነገ ብቅ በይ።»

ይህን ባለ ጊዜ ተረቺው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ እንደተሾመ ይቆጠራል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ጊዜ
ፍርድ በ10 ዓመት ውስጥ ይፈጸምልኝ ካልተባለ እንደማይፈጸም የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደንግጓል። መዝገብ ይጠፋል እንጂ ቀን አይጠፋም። ረቺዋ «በጊዜው አመልክቻለሁ» ካለች ማመልከቻዋ ያለበትን መዝገብ ታቅርብ። (የዚህ አዋጅ አርቃቂ ባሕር ዛፉ ለማገር ሲደርስ በዓይኑ አይቷል። ለምሰሶ ሲደርስም ሳያይ አይቀርም።)

አንቀጽ 5፤ ስለ ምስክር
የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2003 ላይ ሆዱ ራርቷል፦ የውል ሰነድ መጥፋቱ ከተረጋገጠ ውሉን በሰው ምስክር ማስረዳት ይቻላል ይላል። ይህ ርኅራኄ ወደ መዝገብ ቤት እንዳይዛመት፣ መዝገብ ስለ መጥፋቱ የሚጻፍ ማረጋገጫ መዝገቡ ሳይታይ አይሰጥም።

አንቀጽ 6፤ ስለተገኘው
ከመላው መዝገብ አንዲት ቅጠል፣ ማኅተሟ እንኳ ሳይደበዝዝ፣ ተገኝታለች። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ማንም ወገን መሬቱን እንዳያርስ የምትከለክለዋ የእግድ ትእዛዝ ናት። ፍርድ ስለ መሰጠቱ መዝገቡ ውስጥ የተገኘ ነገር ስለሌለ እግዱ ጸንቶ ይቆያል። ሆኖም ባሕር ዛፍ በበሬ የሚታረስ ባለመሆኑ እግዱ አይመለከተውም።