ደስተኛው መንደር፣ እሑድ ዝም የሚባልበት

ጎንደር ተወልጄ ግንብ ሊያሳዩኝ! የልጄ ልጅ ናት፤ «አባባ፣ ቦርንሃይምን ከነታሪኩ ላስጎብኝህ» ብላ ረቡዕ ዕለት ከቤት አወጣችኝ። በርገር ሽትራሰ የሚሉት ጎዳና ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ጉልበቴን ማን ጠየቀው?

ቦርንሃይም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1877 ፍራንክፈርት ጠቅልላ እስክትውጠው ድረስ ራሱን የቻለ መንደር ነበር። ቅጽል ስሙም «ደስተኛው መንደር»። የከተማው ሰው ማሳ እያቋረጠ ይመጣና የፖም ጠጅ ሲጠጣ፣ ሲጨፍር ይውል ነበር። ሌላም ጉድ ነበረበት ይላሉ፤ በልጅ ፊት አይነሳም።

ጠጅ ያልኩት ስም ስላጣሁለት ነው። ማር ያልነካው፣ ጌሾ ያላየው፣ ፊት የሚያጨማድድ ኮምጣጣ ነገር! የሚቀዳበት ቤምብል ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ እንስራ ነው፤ ግራጫ ሸክላ፣ ሰማያዊ ጌጥ ያለው። ጠላ ቢቀዳበት ያምርበት ነበር። አብሮ የቀረበው የሚሸት አይብ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ፈሶበታል፤ ስሙ «አይብ ከነሙዚቃው»። ሙዚቃው ሌሊት ከሆዴ ተሰማ።

ግንብ የተባለው የገበያው የሰዓት ግንብ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ሥሩ ገበያ ይቆማል። ቀና ብዬ ሳልጨርስ አለቀብኝ። የፋሲልን ግንብ ያየ ዓይን ይህንን ምን ይበለው? «ትንሽዬ ናት ግን ታምራለች» አለችኝ፤ ዝም አልኩ።

የዮሐንስ ቤተ ክርስቲያናቸው ይሻላል። በ1770ዎቹ የተሠራ ነው፤ ነገሬም ከእሱ ጋር ነው። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ቡና ቆልታ፣ ገና ዘነዘናውን ሁለት ጊዜ እንዳሳረፈችው በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ሰው ናቸው። እሑድ የጸጥታ ቀን ነው፣ ሙቀጫ አይወቀጥም አሉ። በደስተኛው መንደር! እሳቸው ቆመው ሲናገሩ ደወሉ ጀመረ። ግድግዳው ነዘረ፣ ሲኒው ተንቀጫቀጨ፤ የሚሉትን ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። ደወሉን ሄዶ የሚያንኳኳበት ሰው ግን የለም።

አሁን ብልሃት አግኝተናል። እኔ መስኮቱ ላይ እቆማለሁ፣ እሷ ዘነዘናውን አንስታ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ደወል ሲሰማ እጄን አወርዳለሁ።