ጉልበት ማጠፍ በክፍያ

በዓለም ትልልቅ ከተሞች ለጎልማሳ ጀማሪዎች የባሌት ትምህርት ይሰጣል። ምዝገባ የለም፤ ያሻው ጎራ ብሎ የዕለቱን ይከፍላል፣ አግዳሚውን እንጨት ይጨብጣል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ተረከዝ ለተረከዝ ገጥሞ ጣቶቹን ወደ ውጭ ሲያዞር ቀድሞ የሚያጉረመርመው ዳሌው ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ለፒየር ቦሻም ይሆናል፤ አምስቱን የእግር አቋቋሞች የደነገገው እሱ ነው። አለቃው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም ዳንሰኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ።

የአገዎቹ ከተማ ቆሰበር ግን ይህን ድካም ለፈረስ ትታለች።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር፣ አንገቱን ቀስሮ እግሩን እየመዘነ የሚረግጠው ያጌጠው ፈረስ ነው። ጌታው ከላይ ተቀምጦ ይደነቅለታል፤ ጉልበቱም ደኅና ነው።

እግሬን በላኝ ለሚል ሰውስ? ሠርግ አለለት። ጎራ ማለት እዚያም ይቻላል። እስክስታ ጭንቁን ለትከሻ ስለሚሰጥ ዳሌ ያርፋል። «ሆድህን ሳብ» የሚል መምህር የለም፤ ጠጅና ዶሮ ወጥ ያስተናገደ ሆድ እንዲያውም ይከበራል። የገንዘቡ መንገድም የተገላቢጦሽ ነው፦ ደኅና እስክስታ ለወረደ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል።