ጨምር፣ ጨምር

ደክሞኛል። ቤቱ ውስጥ ሄቪ ሜታል እየቀረፀ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ይህን ድካም ያውቀዋል። አምስት ደቂቃ ለማይሞላ ዘፈን ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ትቀመጣለህ፤ ጠዋት ስትሰማው ጊታሩ እንደተነካ የንብ ቀፎ ይጮኻል፣ ቤዙ የገባበት አይታወቅም፣ ከበሮው ካርቶን የሚደበድቡ ይመስላል። ምክር ስትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ ጨምር። ፕላጊን ጨምር፣ ሌላ ማይክ ጨምር፣ ትልቅ ስፒከር ግዛ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል የለም። ገንዘቡ ቢገኝስ? ደሞዙን በብር የሚቀበል የአዲስ አበባ ልጅ የዶላር ካርድ ከየት አምጥቶ ነው ከኢንተርኔት ላይ የሚሸምተው?

ከዋጋው ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ምክሩ ራሱ ስህተት መሆኑ ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ቅጂዎች አብዛኞቹ የተበላሹት በጎደላቸው ነገር አይደለም፤ በበዛባቸው ነው።

ጊታሪስቱ ይመጣል፣ ጌይኑን እስከ ጥግ ያዞረዋል። ለብቻው ሲሰማ ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሁለት ጊዜ ተቀርፆ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲቀመጥ ግን ምቱ ይደበዝዛል፣ ሪፉ ቀርቶ ሹሹታው ብቻ ይሰማል። «ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሰው» ስትለው «ከቀነስኩትማ ሜታል መሆኑ ቀረ» ይላል። ውፍረቱ የሚመጣው አንዱን ሪፍ ሁለት ጊዜ እጅ ሳያዛንፉ ከመምታት ነው። እሱ ሲያደክም ደግሞ አንዱን ኮፒ አድርገህ ወደ ሌላው ጎን ግፋው ትባላለህ። ያ ቅጂ ያው አንድ ድምፅ ነው፤ መሃል ላይ ይጮኽ እንደሆነ እንጂ አይሰፋም።

ክሩን ደግሞ እዩት። ባለፈው የመጣልኝን ጊታር ክር በጣቴ ሳብ ባደርገው ጥቁር ዝገት ጣቴ ላይ ቀረ። ቀጭን ክር ነው፤ በዚያ ላይ እስከ ሲ አውርደው ቃኝተውታል። ሲመታ ከፍ ብሎ ይጀምርና እየተንቀጠቀጠ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ሁለት ጊታር ሲሆን እርስ በርሱ ይጣላል። ይህንን የትኛው ኢኪው ያድነዋል? ወፈር ያለ አዲስ ክር አድርጎ በየቅጂው መሃል መቃኘት ከየትኛውም ፕላጊን ይረክሳል። ሰሚ ግን የለም።

ቀጥሎ የቤዝ ነገር። የጊታሩን ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጬ ለቤዝና ለትልቁ ከበሮ ስተውላቸው ሙዚቃው ይተነፍሳል። ጊታሪስቱ ግን የራሱን ብቻ ነጥሎ ይሰማና «አቀጠንከኝ» ይላል። አድማጭ ጊታሩን ነጥሎ አይሰማም እኮ! ሜታሊካ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ቤዙ አይሰማም እየተባለ እስከ ዛሬ ይወቀሳል፤ በገንዘብ እጦት አልነበረም። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ዴዝ ማግኔቲክ»ም ከልክ በላይ እንዲጮኽ ተደርጎ ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ አድናቂዎቻቸው «ጊታር ሂሮ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የወጣው ቅጂ ከሲዲው ይሻላል ብለው አቤቱታ እስከመፈራረም ደረሱ። ዛሬ ስፖቲፋይ ከመጠን በላይ የጮኸውን ዘፈን ራሱ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጫውተው። እኛ ግን ዘፈኑን ለማስጮኽ አሁንም ሊሚተሩን እንረግጠዋለን።

መብራቱም አለ። ሲጠፋ አንድ ጣጣ ነው፤ ሲኖር ደግሞ ግራውንድ በሌለው ቤት 50 ኸርዙ እምምም እያለ ከጊታሩ ጋር ይገባል። ጌይን በጨመርክ ቁጥር እሱም አብሮ ያድጋል። ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ብዙ ጊዜ ያስታግሰዋል፤ ይህም ምንም አያስከፍልም።

ክፍሉን በእንቁላል ካርቶን የለበጣችሁ ሁሉ፣ ልፋታችሁ ያሳዝነኛል። ካርቶን ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይበታትን ይሆናል፤ ቤዝ ግን ሰንጥቆት ያልፋል። ሦስት ሜትር ስፋት ባለው ክፍል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በግድግዳና በግድግዳ መሃል ይመላለሳል፤ ግድግዳው ዘንድ ያብጣል፣ መሃሉ ላይ ይጠፋል። እኔም መሃል ቁጭ ብዬ ቤዝ አነሰ እያልኩ ስጨምር ከርሜ፣ ሌላ ሰው ቤት ስሰማው ሌላው ሁሉ ተውጦ አገኘሁት። ጥግ ላይ የቆመ ወፍራም ፍራሽ ይሻላል። ከሁሉም የረዳኝ ግን በደንብ የተሠራ የታወቀ አልበም ከራሴ ሥራ ጋር በአንድ ድምፅ መጠን እያፈራረቁ መስማት ነው።

ድምፃዊው ደግሞ መጮኽ አለበት፤ የሜታል ጩኸት በሹክሹክታ አይቀረፅም። አንድ ማታ ጋቢ ከላዩ ላይ ጥለን ስንቀርፅ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቆመዋል። «ልጄ፣ ምን አገኘህ? ማን መታህ?» ደህና መሆናችንን እስኪያምኑ ድረስ ቆየን። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የምንቀርፀው ሰው ሥራ ላይ በሚውልበት በቀትር ብቻ ሆነ። በቀትር ደግሞ ያ የማይደገመው፣ ልጁ ጉሮሮውን ያደማበት ቅጂ መሃል ላይ «ቁራሌው!» የሚል ጥሪ ጥርት ብሎ ገባ። የሚነቀልበት መንገድ የለም። ልጁ ደግሞ ለሁለት ቀን ድምፁ ተዘጋ።

ከአቅማችን በላይ የሆነውን እችለዋለሁ፤ መብራቱንም፣ ግድግዳውንም፣ መንገዱንም። በእጃችን ያለውን ግን እለምናችኋለሁ። ለሚቀጥለው ቅጂ አዲስ ክር አድርጋችሁ፣ ሪፉን ቤታችሁ አጥንታችሁ ኑ። ጌይኑንም ከግማሽ እንጀምር።