ፈተናው ሲራዘም ስንቁ አልተራዘመም

ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የተማረ ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና አውራ ቢሉት ከጥያቄው አይጀምርም፤ ከስንቁ ነው የሚጀምረው። የማን እናት ምን ቋጥራ እንደላከች፣ በሶው መቼ እንዳለቀ፣ ማገዶ የታጣ ለታ ምን ተበልቶ እንደታደረ ይነግራችኋል። ጥያቄውማ ይረሳል። እኔም የሒሳቡንም የፊዚክሱንም ረስቼዋለሁ፤ በ2008 ዓ.ም. ሐይቅ ላይ ያበሉኝን ሰዎች ግን አንዳቸውንም አልረሳሁም።

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ያኔ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ይባል ነበር፤ የ10ኛን ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ልጅ ነው የሚገባበት። በየገጠር ቀበሌው መሰናዶ ስላልነበረ ነጥብ የመጣለት ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ከተማ ይወርዳል። እኛ አራት ሴቶች አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር፤ ሁለታችን ከተሁለደሬ ገጠር፣ አንዷ ከወረባቦ፣ አንዷ ከአምባሰል። ሁለታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም። ወሎ ውስጥ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ሁለት ፍራሽ አንጥፈው ሲያበቁ መቆሚያ የሚጠፋበት ነው። አምፖሉ አንድ ነው። አከራያችን በሌላው ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ከወዲያ ማዶ ድምፅዋን ታሰማለች። “ልጆቼ፣ መብራቱን አጥፉት እንጂ፤ ቆጣሪው እኮ እየበላኝ ነው!” ግንቦት ከገባ ግን ዝም ትላለች። መብራቱ ሲነጋ ይጠፋል፤ ሁለት ሲተኙ ሁለት ያነባሉ፣ ከዚያ ፈረቃው ይቀየራል። ለዚያ ወር መብራት ተጨማሪ ክፈሉ ብላን አታውቅም።

የግንቦት ትምህርት ቤት ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ አርፋጅ ሲያባርር የከረመው ዘበኛ ተፈታኝ ሲያይ በሩን ራሱ ይከፍታል። አስተማሪዎቻችን ቅዳሜና እሑድ ማንም ሳይከፍላቸው እየመጡ የ11ኛውን ክፍል ምዕራፍ ይከልሱልናል። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለሪፖርት ብቻ የሚጻፍ ነበር፤ በግንቦት ግን ከልብ ይሠራል። ኬሚስትሪ የሚችለው ልጅ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ሌሎቹን ሲያስረዳ፣ የማይፈተኑት የታችኛው ክፍል ልጆች ውኃ ቀድተው ያመጡለት ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መልስ መስጫው ላይ ክቡን እንዴት እንደምናጠቁር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትልቅ ክብ እየሠራ አሳየን። እርሳስና ላጲስ መግዛት ላቃታቸው ልጆች አስተማሪዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ገዙ፤ ማን እንደተሰጠው ሌላው እንዳያውቅ ቢሮ እየጠሩ ነበር የሰጡት። ይህን ያወቅሁት ከተሰጣቸው አንዷ ስለነበርኩ ነው።

ያ ዓመት ክፉ ዓመት ነበር። የ2007 ክረምት ከድቶ አዝመራው ጠፍቶ፣ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ይጠብቅ ነበር፤ የኛም ቀበሌ ከነዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ እናቴ ስንቄን ስትሰፍር የፈተናውን ቀን ቆጥራ ነው የሰፈረችው። ግንቦት 22 ይጀመራል፣ በዚያው ሳምንት ያልቃል፣ ልጅቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ የሚተርፍ እህል አልነበራትም። አራታችንም እንደዚያው ነበርን። የመጨረሻውን ሳምንት ስንደርስ ጆንያችን ተራግፎ ነበር፤ ለአከራያችንም ቤቱን እንደምንለቅ ነግረናታል። ቅዳሜ የግንቦት 20 በዓል 25ኛ ዓመት እየተከበረ ድምፅ ማጉያው ከተማውን ሲያናውጠው እኛ ጆሯችንን በጨርቅ ደፍነን እናነብ ነበር።

ሰኞ ፈተናው ቀረ ተባለ። የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቷል፣ ፌስቡክ ላይ ተለጥፏል፣ ሁሉም ይራዘማል። በመላ አገሪቱ ከ250 ሺህ የሚበልጥ ተፈታኝ ነበር ወደ ቤትህ ተመለስ የተባለው። በዚያ ዓመት ኦሮሚያ ውስጥ በነበረው ተቃውሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ስለነበር፣ የዚያ አካባቢ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ እንዳይፈተኑ ጊዜ ይሰጣቸው የሚል ጥያቄ ነበር፤ ፈተናውን የለቀቁትም ምክንያታችን ይህ ነው ብለዋል። ጥያቄው እውነት ነበረው። ሳይማር የሚፈተን ልጅ በደል ደርሶበታል፤ ይህን ያኔም አምን ነበር፣ ዛሬም አምናለሁ። ግን በግቢው ውስጥ ቆመን የነበርን ልጆች በዚያች ሰዓት ያሰብነው ይህን አልነበረም። የወረባቦዋ ጓደኛዬ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ “ዛሬ ማታ ምን እንበላለን?”

ወደ አገሬ ገባሁ። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ በር ላይ አገኘኝና “አለፈ ወይስ ቀረ?” አለኝ። ቀረ አልኩት። ሞፈሩን አስቀምጦ ብዙ ሰዓት አልተናገረም። ሰኔ በገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማሽላው ኩትኳቶ፣ የጤፉ ማሳ እርሻ፣ ጎተራው ባዶ፣ አዲሱ እህል ገና ሩቅ። ልጅ ቤት ከገባ እጅ ነው፤ ደብተር ይዞ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ወር አይደለም። ቀን ስኮተኩት ውዬ ማታ በኩራዝ ሳነብ ዓይኔ ይከደንብኛል። እናቴ ይህን አይታ አባቴን አንድ ማታ ለብቻው ይዛው አወራችው። ምን እንዳለችው አልነገሩኝም። ግን ለቤት የመጣው የርዳታ ስንዴ ተፈጭቶ፣ በጆንያ ታስሮ፣ አህያዋ ላይ ተጫነልኝ። ለታናናሾቼ የቀረላቸውን አይቻለሁ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። የሰኔ መጨረሻ ነበር። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ኖሯል። ታላቅ ወንድሜ አህያዋን እየነዳ ሁለተኛው ወንዝ ውስጥ መካከል ላይ ሲደርስ ድንገት የደፈረሰ ውኃ ከላይ መጣ። ውኃው ወገቧን መታት፣ ጭነቱ ዞረ፣ እሷም በጉልበቷ ወደቀች። ወንድሜ አንገቷን አቅፎ ቀና አድርጎ ያዛት፤ እኔ በጀርባዬ የታዘለውን ደብተር በፌስታል ስለጠቀለልኩት እሱን ትቼ ጆንያውን ለመያዝ ገባሁ። አህያዋም ጆንያውም ወጡ። ዱቄቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ርሶ ነበር። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐይቅ የደረስኩት ሲመሽ ነበር፤ ረመዳን ነውና ሰፈሩ እያፈጠረ ነው። አከራያችን ጆንያውን ፈትታ እጇን ከተተችና “ይሄ እስከ ነገ አያድርም፣ ይኮመጥጣል” አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ “አብሽሪ” አለችኝ። ወሎዬ ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ይመለስለታል። ወጥታ የጎረቤቱን ሴቶች ጠራች። በሦስት ግቢ ምጣድ ተጣደ፤ ያን ሁሉ ሊጥ አቡክተው ሌሊቱን ሙሉ ቂጣና ዳቦ ሲጋግሩ አደሩ። እኛ ጭስ ውስጥ ተቀምጠን ባዮሎጂ እየተጠያየቅን ማገዶ እናቀብላለን። በመደዳው የሚኖሩ ተከራይ ተማሪዎች ሁሉ ተጠሩ፤ ሙስሊሞቹ ሱሁራቸውን በሱ በሉ። ከቤት የወጣው ስንቄ በአንድ ሌሊት አለቀ።

ጠዋት ላይ በሩ ተንኳኳ። አንዷ ጎረቤት በጣሳ ዱቄት ይዛ ቆማለች። “የበላነውን ዳቦ በደረቅ ዱቄት መመለስ አለብን” አለችኝ። ከሷ ኋላ ሌላዋ መጣች። እስከ ቀትር ድረስ የስንዴም፣ የማሽላም፣ የጤፍም ዱቄት እየመጣ ጆንያው መልሶ ቆመ። ድርቅ በነበረበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ እነሱም ከርዳታ የሚሰፈርላቸው ሴቶች ናቸው ይህን ያደረጉት። ብድሩን ለመቀበል አፈርኩ፤ አከራያችን ተቆጣችኝ። “አንቺ ተምረሽ ለሌላው ትመልሻለሽ፤ አሁን ደብተርሽን ያዢ” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ያለፈ ጊዜ ነው። የኛ የሰኔ ጾም ከረመዳኑ ጋር ተደርቦ ስለነበር በግቢው ያልጾመ ሰው አልነበረም። ጓደኞቼ ለሱሁር ሲነሱ እኛም አብረን ተነስተን እናነብ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ የጥናት ሰዓት አላገኘሁም። ሰኔ 29 ዒድ ሲሆን አከራያችን ለሁለታችን የጾም ሽሮ ለብቻ ሠርታ ከበዓሉ ማዕድ ጎን አቀረበችልን። ሐምሌ ላይ ተፈተንን። ማኅበራዊ ሚዲያው በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ነበር። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲመታው ፈታኙ የሚናገረው አይሰማም፤ ሰዓት ማለቁን የሚነግረን በእጁ ምልክት እያሳየ ነው። ከአራታችን ሦስታችን ዩኒቨርሲቲ ገባን። አራተኛዋ ነጥቡ ትንሽ ጎደለባትና ኮሌጅ ገባች፤ ከኛ ቀድማ ደመወዝ የያዘችው እሷ ናት።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለትዝታ ብዬ አይደለም። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከዚያም በኮምፒዩተር መፈተን ተጨመረ። ኩረጃን ለማስቀረት የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዚያ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ስለ መምህር ተወራ፣ ስለ መጽሐፍ ተወራ፣ ስለ ኩረጃ ተወራ። ስለ ስንቅ ሲወራ አልሰማሁም። ያኔ በኛ ላይ በድንገት የደረሰው ነገር ግን ዛሬ መደበኛ ቀን ሆኗል፤ ባለፉት ዓመታት ፈተናው የተሰጠው ሰኔ ሲያልቅና ሐምሌ ላይ ነው። የገበሬ ጎተራ በሚራቆትበት፣ ወንዝ በሚሞላበት፣ እጅ በሚፈለግበት ወር። የከተማ ልጅ ሐምሌ ላይ ቢፈተን የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው፤ የገጠሩ ልጅ ግን ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት በረሃብና በኪራይ ይፈተናል። ቀኑን የሚወስኑ ሰዎች ካሌንደር ሲዘረጉ ይህን ልጅ ያስቡት።

እስከዚያው ግን ጉዳዩ በግቢያችሁ ተማሪ ያከራያችሁ የናንተ ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ መብራቱን አታጥፉባቸው። ማታ በራቸው ላይ ጭስ ካልታየ በልተው እንደሆነ ጠይቁ። ኪራይ መጨመር ካለባችሁም ከፈተናው በኋላ ጨምሩ።